በሀዘን ድንኳን ላይ የቀላችው ጨረቃ

እትዬ በለጡ ያረፈች ዕለት ጥሩምባ አልተነፋም።

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ በየመንገዱ ይዞራል። የሟቹን ስም ይጠራል፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፣ ሰው ከነእንቅልፉ ብርድ ልብሱን ገልጦ "ደግሞ ማን ነው?" ይላል። ያን ዕለት ግን ላይኛው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ እንደ ማንኛውም ቀን ነቃች። ባጃጆቹ ተነሱ። ሙዝ የጫነ አይሱዙ እየተንገጫገጨ ወደ አስፋልቱ ወጣ። እኔ ተከራይቼ የምኖርበት ክፍል ከእትዬ በለጡ መኝታ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ልጇ ትዕግስት በሬን አንኳኩታ "እማዬ አለፈች" አለችኝ። ከዚያ "ዕድር የላትም አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ።

አልነበራትም። ተሰርዛለች። ለምን እንደተሰረዘች ሰፈሩን ብትጠይቁት በሁለት ቃል ይጨርስላችኋል፦ ዞሮባት ነው። ባሏ ሲሞት ሀዘኑ ጭንቅላቷን አዙሮት፣ የለቅሶ ድንኳን አስፈርሳ ጨረቃ ፎቶ አነሳች ይላሉ። ድንኳኑ መነሳቱ እውነት ነው። ፎቶውም እውነት ነው። ዞሮባታል መባሉ ግን ውሸት ነው፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ያ ሁለት ቃል በመቃብሯ ላይ እንዳይቀመጥ ነው።

ክፍሉን ልከራይ የመጣሁ ቀን እንደ ሥርዓቱ "እርስዎ" አልኳት።

"በዚህ ግቢ አንቱ የሚባለው ድመቱ ብቻ ነው" አለችኝ። "እኔን አንቺ በለኝ፣ ካለዚያ ሌላ ቤት ፈልግ።"

ስለዚህ እዚህም አንቺ እያልኳት እቀጥላለሁ። አክብሮት የጎደለው የሚመስለው ካለ ከድመቱ ጋር ይነጋገር።

እትዬ በለጡ በጋሞ ደጋ ጨንቻ ተወልዳ አርባ ምንጭ ያደገች፣ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው በአንድ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ነው። ራጅ አንሺ አልነበረችም፤ ፊልም አጣቢ ነበረች። ያኔ የራጅ ፊልም በመድኃኒት ውስጥ እየተነከረ ይታጠብ ነበር፣ የሚታጠበውም መስኮት በሌለው ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ፊልሙን የማያበላሸው አንድ ደብዛዛ ቀይ አምፖል ብቻ ነው። እትዬ በለጡ ጠዋት ገብታ በሩን ትዘጋለች፣ በዚያች ቀይ ብርሃን ስር የሰው አጥንት ቀስ እያለ ሲወጣ ታያለች። ከግድግዳው ማዶ ራጅ አንሺው በሽተኞቹን "ትንፋሽ ያዝ!... ተንፍስ!" ሲል ትሰማለች። በኋላ ኮምፒውተሩ መጣና ፊልም ቀረ። ክፍሏ መጥረጊያና ባልዲ ማስቀመጫ ሆነ። እሷም ጡረታ ወጣች።

"ሰዎች ጨለማ የሌቦች ቦታ ይመስላቸዋል" ትለኝ ነበር። "ለእኔ ቢሮዬ ነው።"

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ከአንድ አስጎብኚ አሮጌ ካሜራ ከረጅም ሌንስ ጋር ገዛች። ሰው የልጅ ልጅ ፎቶ ልታነሳ መስሎት ነበር። እሷ ግን ካሜራውን ወደ ጨረቃ አዞረችው። ምክንያቷን ስጠይቃት፣ "ሌላውን ሁሉ ሌላ ሰው ያነሳዋል" አለችኝ።

መጀመሪያ ላይ የምታነሳቸው ጨረቃዎች አስፕሪን ነበሩ፤ ነጭ፣ ክብ፣ ምንም የሌለባቸው። ታችኛው ከተማ ሲቀላ ወርዳ ታሳትማቸዋለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ሳለ፣ የማተሚያ ቤቱ ልጅ ፎቶውን ገልብጦ ገልብጦ አየውና "እትዬ፣ ይሄ እንቁላል ነው?" አላት።

"ጨረቃ ናት።"

"እንዴ፣ ኢንተርኔት ላይ ከዚህ የተሻለ ሞልቷል'ኮ! ላውርድልሽ?"

"ኢንተርኔት ላይ ያለችው በእኔ ግቢ አልወጣችም" አለችው። "አትም።"

የተበላሹትን አትጥላቸውም ነበር። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ በተርታ ትሰካቸዋለች። የተንቀጠቀጠውን፣ የደበዘዘውን፣ ደመና የበላውን። እንግዳ ሲመጣ የምታሳየው እነሱን ነው። "የተንቀሳቀሰ ሰው አጥንቱ ይዋሻል" ትላለች፣ ከሆስፒታል ይዛው የመጣችው አነጋገር ነው፤ "ይሄኛው እጄ የተንቀሳቀሰ ጊዜ ነው። ይሄኛው የካሜራው ሶስት እግር ማቆሚያ የተንቀሳቀሰ ጊዜ ነው። ይሄ ደግሞ ባሌ አንጁሎ ያስነጠሰው ጊዜ ነው።"

ግጥሜንም የምታየው በዚሁ ዓይን ነበር። እኔ ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ያገኘሁት ወረቀት ላይ ሁሉ እየጻፍኩ ነው የመጣሁት። አንድ ማታ ስለ ጨረቃ የጻፍኩትን ሳነብላት ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ስጨርስ፣ "ያየኸው የት አለ?" አለችኝ።

"ስሜቴን ነው የገለጽኩት።"

"መጀመሪያ ያየኸውን ንገረኝ፣ ከዚያ የተሰማህን። የተሰማህን ብቻ ከነገርከኝ ትኩሳት ነው፤ መድኃኒት ዋጥና ተኛ።"

ያን ሌሊት ተናድጄ አልተኛሁም። ጠዋት ግጥሙን ቀደድኩት። እስካሁን "ውብ ጨረቃ" ብዬ ጽፌ አላውቅም።

ባሏ ጋሽ አንጁሎ ሸማኔ ነበር። ግቢው ውስጥ ከማንጎው ስር ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ጋቢ ይሠራል። ሲመሽ የሚስቱ ረዳት ይሆናል። ንፋስ ሲመጣ ጋቢውን ዘርግቶ ካሜራውን ይከልላል፣ ውሻ ሲጮህ ውሻውን ይቆጣል። መሳቅ ይወድ ነበር። "ጨረቃዋ ግን ፎቶዋን መጥታ የምትወስደው መቼ ነው?" ይላታል።

ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ልትጋረድ እንደሆነ የሰሙ ጊዜ ሁለቱም እንደ ሙሽራ ተንቀሳቀሱ። መሬት በፀሐይና በጨረቃ መሃል ትገባለች፣ ጥላዋ ጨረቃዋን ይውጣታል፣ ጨረቃዋም ጠፍታ በመቅረት ፈንታ ትቀላለች። ይህን የነገረችኝ እትዬ በለጡ ናት። "ቀይ ነው የምትሆነው፣ ገብቶሃል? ቀይ!" ጨለማ ክፍሏን እያሰበች እንደሆነ ገባኝ። ክረምቱን ሙሉ ተለማመዱ። ጋሽ አንጁሎ አንድ ነገር ብቻ ለመናት፦ "ቁልፉን አንዴ እኔ ልጫነው።"

"የአንተ እጅ የሸማ መወርወሪያ ነው የለመደው፣ ትነቀንቅብኛለህ።"

"አንዴ ብቻ።"

"እሺ፣ አንዴ።"

ሰዓቱን የነገረቻቸው ትዕግስት ናት። ያኔ ሐዋሳ የምትሠራው ፈረንጆች ባሉበት ቢሮ ነው፣ ቀኗን የምትቆጥረው በእነሱ ሰዓት ነው። እናቷ ስልክ ደውላ ስትጠይቃት "ማታ ስምንት ተኩል" አለቻት። እትዬ በለጡ የሰማችው እንደ እኛው ነው፤ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ሌሊት ስምንት ተኩል። ግቢያችን በሙሉ በዚያው ሰዓት ተዘጋጀ።

ጨረቃዋ ጥቂት ቀን ሲቀራት ጋሽ አንጁሎ ከሸማው ጉድጓድ ሊወጣ ሲል ወደቀና አልተነሳም። ልብ ነው አሉ።

ቀብሩ ሆነ። ዕድሩ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከለ። የእትዬ በለጡ ግቢ ጠባብ ነው። ከጀርባው ቤቱ፣ በግራና በቀኝ ማንጎዎቹ፤ ሰማይ የሚታየው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ወደ ሐይቆቹና ወደ እግዜር ድልድይ በሚያየው በምሥራቁ ጫፍ። ድንኳኑ የቆመው እዚያው ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ስለሌለ። እትዬ በለጡ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ሴቶቹ በሹክሹክታ ያወሩባት ጀመር። እኔ ግን ምን እንደምታስብ አውቅ ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳጽናናት "ሌሊት ነው፣ ሰው ከተኛ በኋላ ማንንም አልረብሽም" ብላኛለች። ማንንም ልታስቀይም አላሰበችም። ይህን ልብ በሉልኝ።

በማግስቱ፣ የሩፋኤል ዋዜማ፣ ሲመሽ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አንድ ጥግ ላይ ወጣቶች እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው ካርታ ይጫወታሉ። በሌላው በኩል የጋሽ አንጁሎ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ሻንቆ፣ ከጨንቻ ከወረዱት ሽማግሌዎች ጋር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ተመለሰና፣

"ጨረቃዋን የሆነ ነገር ነክሷታል" አለ።

"ጅብ ይሆናል፣ ካርታህን ጣል" አለው ሌላው።

እትዬ በለጡ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። "ከየት በኩል ነው የነከሳት?"

ልጁ ደነገጠ። "ከ... ከታች በኩል እትዬ።"

"ስንት ሰዓት ነው?"

"አንድ ተኩል አልፏል" አልኳት።

ዞር ብላ ልጇን አየቻት። "ትዕግስት! ስምንት ተኩል ያልሽኝ በማን ሰዓት ነው?"

ትዕግስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በ... በቢሮ ሰዓት።"

"በቢሮ ሰዓት!" አለች እትዬ በለጡ። በጣቷ ቆጠረች። "እንግዲያው በእኛ ሁለት ተኩል ነው። አሁን ነው እንጂ!" ብላ ተነሳች።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ መኩሪያ ከበሩ አጠገብ ነበር። ከሰሜን መጥቶ ሴቻ ያረጀ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። "በለጡ፣ እህቴ፣ ተቀመጪ። የምትፈልጊውን ልጅቷ ታምጣልሽ።"

"የምፈልገው ካሜራዬን ነው።"

ንፍሮ የሚዞርበት ሰፌድ በአየር ላይ ቆመ። አንዲት ሴት "ኧረ በእመብርሃን!" አለች።

"ባልሽ የተቀበረው ትናንት ነው" አለ ጋሽ መኩሪያ።

"አውቃለሁ፣ ነበርኩ።"

"ፎቶ ሌላ ቀን ይደርሳል።"

"ይቺ አትደርስም። እንደገና እስክትመጣ ዓመታት ትወስዳለች። ዕድሜዬን ደግሞ ታውቀዋለህ።"

ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ ሊያስታርቅ ፈልጎ "ከመንገድ ላይ ታንሳ እንጂ፣ ምን ችግር አለው?" አለ።

"ባለ ሀዘን ሶስት ቀን ሳይሞላው ከግቢ አይወጣም!" አለ ጋሽ መኩሪያ። "ደንብ ነው።"

እትዬ በለጡ ራሷን ነቀነቀች። "ልክ ነህ፣ ደንብ ነው። ከግቢ አልወጣም። ሸራውን አንሱልኝ።"

ድንኳኑ ተተራመሰ። "የሬሳ ድንኳን ለፎቶ ይነሳል?" "ጉድ ሳይሰማ!" "ተይ፣ ሰው ምን ይላል?" "ሰውማ እያለ ነው!" አለች እሷ። ያን ጊዜ ነው አንዱ ከኋላ "ዞሮባታል" ያለው። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እዚያ ነው። እሷም ሰማችው። ወደ አጥሩ ሄደች።

ጎንበስ ብላ ከአጥሩ ስር በዝናቡ የራሰ ሳር ነቀለችና በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ተመለሰች።

በጋሞ ሁለት ወገን ሲጋጭ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መሃል ይገባሉ። ሳር የተያዘበትን ልመና ረግጦ የሚያልፍ የለም፤ የሚያልፍ ጎሜ ይይዘዋል፣ ጥፋቱ ከራሱ አልፎ ለልጆቹ ይተርፋል ይባላል። ሳሩን የሚይዙት ግን ሽማግሌዎች ናቸው፣ ወንዶች፣ ያውም የሌላውን ጠብ ሊያበርዱ። ሴት ለራሷ ጉዳይ ሳር ይዛ ስትቆም እዚያ ድንኳን ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም። ካርታው እንኳን ቆመ።

ከጨንቻ ሽማግሌዎች አንዱ "ሴት ሳር አትይዝም" አለ። ሌላው "ለራስ ጉዳይም አይያዝም" አለ። ሁሉም ጋሽ ሻንቆን አዩ። የሟቹ ታላቅ እሱ ነው።

ጋሽ ሻንቆ አንድ በአንድ አያቸው። በኋላ "በለጡ፣ ምንድን ነው የምትለምኚን?" አላት።

"አንጁሎ ክረምቱን ሙሉ የጠበቃትን ጨረቃ ሳላነሳ እንዳታስቀሩኝ።"

"ጠብቋት ነበር?"

"ጠብቋታል። አንዴ ራሱ ሊጫነው ቃል ገብቼለት ነበር። እሱ ተቀብሯል፤ ቃሌን ግን አብሬ አልቀበርኩትም።"

ጋሽ ሻንቆ ወደ ሳሩ አየ። "በማን እጅ እንደተያዘ ነገራችሁኝ፣ ሰማሁ" አላቸው ለሽማግሌዎቹ። "እኔ የማየው ሳር ነው። እርጥብ ነው።" ጋቢውን አስተካክሎ ተነሳ። "ሸራውን አንሱት።"

"ዝናብ ቢመጣስ?" አለ ጋሽ መኩሪያ፣ የመጨረሻ ተስፋው ይመስላል።

"ነገ ሩፋኤል አይደል? ከዘነበ ጸበል ነው!" አለች አንዲት ሴት ከማዕድ ቤት በኩል። እዚያና እዚያ ሳቅ ተሰማ።

ሸራውን ያነሱት ካርታ ተጫዋቾቹና የጨንቻ ሰዎች ናቸው። ባዶ ቋሚዎች ቀሩ፤ ከላያችን ሰማዩ ተከፈተ። ጨረቃዋ ከግማሽ በላይ ተበልታለች።

አሁን ሌላ ችግር መጣ። እትዬ በለጡ ሌሊት መስሏት ሶስት እግሩን ሠርግ ለሚያነሳ ልጅ አውሳዋለች፣ እስከ እኩለ ሌሊት አይመልሰውም። እጅ ላይ ይዞ ማንሳት አይሆንም፤ ጨረቃዋ ስትጨልም ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ዓይኑን ከፍቶ መቆየት አለበት፣ ትንፋሽ እንኳን ያበላሸዋል። እትዬ በለጡ ዙሪያዋን አየችና የካርታውን ጠረጴዛ ያዘች።

"ካርታችሁን አንሱ። አንተ ይሄን እግር ያዝ፣ አንተ ያንን። ስትይዙ እንደ ወንድ፣ ስትቆሙ እንደ ድንጋይ።" ፍራሹ ላይ የነበረውን ትራስ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ካሜራውን አስደገፈችው። ነጠላዋን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችው።

የመጨረሻዋ ነጭ ጭረት ጠፋች። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው መጣ፤ እሷ ነግራኝ እንኳን እኔም አልጠበቅኩትም። ጨረቃዋ አልጠፋችም። ከውስጧ የሚነድ ፍም ይመስል ቀላች። ከበታቿ ሐይቆቹ አባያና ጫሞ ጨለሙ፣ ከላይ ቀድሞ ያልነበሩ ከዋክብት ወጡ።

"እዩዋት" አለች እትዬ በለጡ። "የቢሮዬ አምፖል!"

ከዚያ ከካሜራው ጀርባ ጎንበስ ብላ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በግድግዳ ማዶ የሰማችውን ድምፅ አወጣችው፦

"ትንፋሽ ያዙ!"

የማልረሳው ይህን ነው። ድንኳን የሌለው ለቅሶ ቤት በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። ሴቶቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ጠረጴዛ የያዙት ልጆች፣ ጉንጩን የነፋው ጋሽ መኩሪያ ሳይቀር። ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"ተንፍሱ!"

ሁሉም ኡፍ አለ። እንደገና፣ "ትንፋሽ ያዙ!" ደመና ሲመጣ እንጠብቃለን፣ ሲያልፍ ትንፋሽ እንይዛለን። አንዱ ጠረጴዛ ያዥ "እትዬ፣ እግሬ ደንዝዟል" ሲላት "የእኔም፣ ቻለው" አለችው።

በመካከሉ ቀና ብላ "ጋሽ ሻንቆ፣ ና" አለችው።

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ጣትህን እዚህ። እኔ ያዙ ስል ጫን። በወንድምህ ፈንታ ነው።"

ጋሽ ሻንቆ ትልቁን ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። ያዙ አለች። ተጫነ። ካሜራው ጠቅ ሲል እትዬ በለጡ ሁለት ቀን ሙሉ ያልወጣላትን ጩኸት ጮኸች። "አንጁሎዬ!" አለች። ጋሽ ሻንቆ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ ግቢው በሙሉ አለቀሰ፤ ማንም ሳያዝዘው፣ ከቀብሩ ዕለት ይልቅ እጅግ አብልጦ፣ በዚያች ቀይ ጨረቃ ስር። ለፎቶ ብላ ሀዘን አቋረጠች የሚል ሁሉ ያን ለቅሶ አልሰማም።

ከፎቶዎቹ አብዛኞቹ ተንቀጥቅጠዋል። ያማረው አንዱ ነው፤ ክብ፣ ቀይ፣ ጫፉ ላይ ጠቆር ያለች ጨረቃ፣ ከስሯ ጥግ ላይ የድንኳን ገመድ ቁራጭ ገብቷል። ገመዱን ቆርጣ እንድታወጣው የማተሚያ ቤቱ ልጅ ቢመክራት "ገመዱ ባይኖር በማን ግቢ እንደወጣች በምን ይታወቃል?" አለችው።

አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ዕድሩ ጠራት። አብሬያት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ጋሽ መኩሪያ ሊጎዳት አልፈለገም። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በለስላሳ ድምፅ፣ "በለጡ፣ ጉዳዩን እናሳጥረው" አላት። "ያን ቀን ሀዘን አዙሮኝ ነበር በይ። ማንም ይረዳሻል። ያቺን ቃል ተናገሪና ወደ ቤትሽ ግቢ።"

እኔ ራሴ በልቤ "በያት፣ ምን አለበት?" ብያለሁ። ሰው ያለ ዕድር በዚህች ከተማ ማን ያነሳዋል?

እትዬ በለጡ ተነሳች። "አልዞረብኝም" አለች። "በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጭንቅላቴ ጠርቶ አያውቅም። ይቅርታ የምጠይቅበት አንድ ጥፋት አለኝ፤ ሰዓቱን ተሳስቻለሁ። ባልሳሳት ኖሮ ድንኳኑን ከመጀመሪያውም እዚያ ላይ አትትከሉት እላችሁ ነበር።"

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። የጋሽ መኩሪያ ፊት ግን ጠቆረ። "እንግዲህ ማን እንደሚቀብርሽ እናያለን!" አለ አንዱ ከጎኑ።

"እኔስ አላይም" አለችው። "ጭንቀቱ የእናንተ ነው።"

ሰረዟት። ከዚያ በኋላ ሰላምታ የነሷት አሉ፣ መንገድ የቀየሩባት አሉ። እሷ ቀይዋን ጨረቃ አስፍታ አሳትማ ከበሩ በሚታየው ግድግዳ ላይ ሰቀለቻት፤ በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሁሉ እንዲያያት። ግጥሜን መስማት አላቆመችም፣ "ያየኸው የት አለ?" ማለቷን አላቆመችም። ሲደክማት ትዕግስት ሥራዋን ትታ መጥታ አስታመመቻት። አንድ ቀን እንኳን "ምነው ያን ቃል ብዬ ቢሆን" ስትል አልሰማኋትም፤ በአንድ ግድግዳ የተለያየን ስለሆንን ብትል እሰማ ነበር።

እናም ያለፈው ሳምንት ጠዋት መጣ፣ ጥሩምባ የሌለው።

ገና ፊታችንን ሳንታጠብ ጋሽ መኩሪያ በራችን ላይ ቆመ። ባርኔጣውን አውልቋል። ለትዕግስት አጎንብሶ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አላት፣ ዓይኑም ላይ እውነተኛ እንባ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልጄ፣ እናትሽ እልኸኛ ነበረች፣ አንቺ እሷን አይደለሽም" አላት። "ያኔ ሀዘን አዙሯት ነበር በይኝ። ለእኔ ብቻ። አሁኑኑ ጥሩምባው ይነፋል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ድንኳኑ ይተከላል። በክብር እናነሳታለን።"

ትዕግስት ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፣ ጸጉሯ አልተበጠረም፣ ዓይኗ አብጧል። እናቷ ውስጥ ተኝታለች። እኔን አየችኝ፤ ውሳኔው ግን የእሷ እንጂ የእኔ አልነበረም።

"ሰዓቱን ያሳሳትኳት እኔ ነኝ ጋሼ" አለችው። "እሷ አልዞረባትም። ወንበሩ ይቅር፣ ሰው ይቆማል።"

ጋሽ መኩሪያ ባርኔጣውን አጠለቀና ሄደ።

ጥሩምባ አልነበረኝም፣ ጉሮሮ ግን አለኝ። ከላይ ሴቻ ጀምሬ በየበሩ "እትዬ በለጡ አርፋለች! ቀብሯ ስድስት ሰዓት ላይ ነው!" እያልኩ ጮህኩ። አንዳንዱ መጋረጃውን ዘጋ። አንዲት ሴት "ያቺ የጨረቃዋ ሴትዮ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ፣ እሷ ናት" አልኳት። "ቆይ፣ ነጠላዬን" አለችና ገባች። የካርታ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ አገኘኋቸው፤ አንደኛው ከባጃጁ ወርዶ ቁልፉን ለጓደኛው ወርውሮ መጣ። ለጋሽ ሻንቆ ስደውልለት ቀድሞ ሰምቶ ከጨንቻ በመውረድ ላይ ነበር።

ሳጥኑን በትከሻችን አነሳን። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፣ ድንጋያማ ነው፣ ሌሊት የዘነበበት ነው። ዕድር የለንም፣ ተራ የሚያስጠብቅ የለንም፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ዝም ብሎ ይተካዋል። ትዕግስት ከፊት በኩል ያዘች፤ ሴት ሳጥን አትይዝም ብሎ ሊከለክላት የሞከረ ሰው ፊቷን አይቶ ተወው። ከዳገቱ መሃል ስንደርስ ከኋላዬ የነበረው ልጅ አንሸራተተውና ሳጥኑ አዘመመ። በዚያች ቅጽበት ከጎን አንድ ትከሻ ገባና ደገፈው። ዞር ስል ጋሽ መኩሪያ ነው፣ ያለባርኔጣ፣ ያለከረባት፣ በላብ ርሶ። ከኋላ ከኋላ ሲከተለን ቆይቷል ማለት ነው።

"እንደ ዕድር አይደለም የመጣሁት" አለ እያለከለከ። "እንደ ጎረቤት ነው።"

ትዕግስት ፊቷን ሳታዞር መለሰችለት፦

"እንደ ፈለጉ ጋሼ። ብቻ እርምጃዎን ከእኛ ጋር ያስተካክሉ።"